መስኮቱ የተጠቀጠቀ ሚኒባስ

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ የጻፍኩትን ሰው ሲያነበው አፍራለሁ። ግን የሻረግ ጎረቤቴ ናት፤ የደረሰባት ነገር በሌላም ሰው እንዳይደርስ ብዬ እንደምንም ሞከርኩት። ስህተቱን እለፉልኝ።

የሻረግ ምግብ እየሠራች የምትሸጠው ስታዲየም ጀርባ በቆመች አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ባሏ ወልደአረጋይ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ የመኪናዋን ወንበሮች ነቅሎ የጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሩ አስገባላት። የካዛንቺሱ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ የሚኖሩት ከተማው ዳር ስለሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ማታም ቆመው ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ማብሰሉም፣ መብላቱም፣ ጎንን ማሳረፉም እዚያችው መኪና ውስጥ ነው።

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ የሻረግን ራሷን ያማት ነበር። ያጥወለውላታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ሽንኩርት እየከተፈች ዓይኗ ይከደናል።

«ምች ነው» ይላል ወልደአረጋይ። «ከእሳት ላይ ተነስተሽ ንፋስ እየመታሽ ምን ልትሆኚ ኖሯል?»

ዳማከሴ አሽቶ ያጠጣታል። ከዚያ መስኮቱን ይዘጋና ክፍተቱን በፌስታል ይጠቀጥቀዋል፤ በሩንም ይስበዋል። ለእሷ ብሎ ነው እኮ። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ሲሳሳላት አይታ ስለማታውቅ፣ ክፈተው ማለት ከበዳት።

«በቃ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ? ስትቆጪኝ ድምፅሽ መስቀል አደባባይ ድረስ ይሰማ የለም እንዴ!»

ሳቅ አማራት፤ ለመሳቅ ግን ደከማት።

እሑድ እሑድ ሕመሙ ይተዋታል። አስቀድሳ ቤቷ ስትውል ራሷ ቀለል ይላል፤ እመቤቴ ናት ያቀለለችልኝ ትላለች። ሰኞ ምድጃው ሲለኮስ ደግሞ ይመለስባታል። ምድጃውን መጠርጠር አልመጣላትም። የሚገድለው ከሰል ነው፤ ጋዝማ ጭስ የለው ምን የለው።

አንድ ሐሙስ ዶፍ ዝናብ ጣለ። ሽሮው ተጥዷል፣ በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ወልደአረጋይ ዳቦ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ሁልጊዜ እሷ ጋ ምሳ የሚበላ የቢሮ ሠራተኛ መድሃኔ መጥቶ አንኳኳ።

«እትዬ የሻረግ! ዘግተው ለብቻዎ ሊበሉት ነው እንዴ ዛሬ?»

 በሩን ስቦ ሲከፍተው ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ብብቷን ይዞ ወደ ዝናቡ ጎተታት። ወልደአረጋይ ዳቦውን እንዳቀፈ እየሮጠ ደረሰ።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ! ምች ያለባትን ሰው ዝናብ ላይ? አስገባት! ዝጋው!»

«ጋሼ፣ አየር አጥሯት እኮ ነው! ይልቅ ታክሲ ይጥሩ!»

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አደረጉላት። ነርሷ፣ «ከሰል አቀጣጥላችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ከሰል የለንም፤ ጋዝ ነው» አለ ወልደአረጋይ።

«በተዘጋ ቦታ ጋዙም ያው ነው አባቴ። እሳቱ አየሩን ይጨርሰውና መርዝ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ትንሽ ቆይታ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም።

«እኔ እኮ ንፋስ እንዳይመታት ብዬ…» እሱም አልጨረሰው።

የሻረግ ዓይኗን ገለጠች። «ተወው በቃ። እኔስ ዝም ብዬህ የለ?»

ማታ ቤታቸው ሲደርሱ፣ «ሚኒባሷን እንተዋት» አላት።

«ትተናት ምን ልንበላ?» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት የሻረግ እግሯን እየጎተተች ላንቻ ወዳለ ብየዳ ቤት ሄደች። ብየዳ ሠራተኛውን ይዛ መጥታ ከምድጃው በላይ ጣሪያውን አስቀደደች፤ የጭስ መውጫ ቱቦም አስገባች። ከታች በበሩ በኩልም አየር የሚገባበት ቀዳዳ አስከፈተች። ሰውየው ሲሄድ ሁለቱንም መስኮት ከፈተች፤ ባሏን ጋቢ አልብሳ ውጭ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያም ክብሪቱን ጫረች።