ለአስፋልት የተገጠመ ጎማ

በደርግ ጊዜ ድንበር ተሻግረን ኢስትሊ ሰፈር በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ሰው መቼ እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደተሻገረ አይጠየቅም። የሚጠይቅ ካለ «ጆሮ ነው» ይባላል፤ የሰማውን አዲስ አበባ ያደርሳል ማለት ነው።

የሰፈራችን መካኒክ ደግሞ ብዙ ይጠይቅ ነበር።

አጎቴ በአሮጌ የጭነት መኪናው ሳሙናና ስኳር ወደ ሞያሌ ያመላልሳል። ከመንገዱ ድንጋይ የመኪናዋ ሆድ ስለሚላተም፣ ከፍ እንድትል ብሎ ከአንድ የወደቀ መኪና ላይ ትልልቅ ቸርኬዎች ከነጎማቸው ገዛ። የዚያን ጊዜውን ጉዞ ምክንያት ግን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ታላቅ ወንድሜ ድንበር ተሻግሮ ሞያሌ አንድ ነጋዴ ቤት ተደብቋል፤ አጎቴ ሲመለስ ይዞት ይመጣል።

ጎማው የሚገጠምበት ቀን አጎቴ ዕቃ ሊያሰባስብ ሄደና ጋራዡ ውስጥ እኔን ተወኝ። መካኒኩ አገሩ የት እንደሆነ የማይታወቅ የኛው ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይሠራል። መኪናዋን በክሪክ አነሳና ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ።

«እኅቴ፣ የት የት ነው የምትሄደው?»

እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ጠራሁ። «ኢምባካሲ» አልኩ። «ከመጋዘን መጋዘን።»

«መንገዱ?»

«አስፋልት ነው። ዕቃውም ቀላል ነው።»

ጻፈው። ከዚያ የጎማውን ወፍራም ጥርስ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ለአስፋልት ይህን የሚያክል?»

«አጎቴ ትልቅ ነገር ይወዳል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ደብተሩን ነበር የማየው።

በማግስቱ መኪናዋ እስከ አፏ ተጭና ገና የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞር ከፊት የመፋቅ ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። አጎቴ ወርዶ አየ። የጭቃ መከላከያው ብረት ጎማውን በጎን በኩል በልቶታል።

«ይሄ ሰውዬ ማርሳቢት በረሃ ላይ ሊደፋኝ ነበር እንዴ!»

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሆን ብሎ ነው፣ ጆሮ ነው ብዬ መጠርጠሬ አልተሳሳትኩም ብዬ አሰብኩ። ይህ ደስታ ጋራዡ እስክንደርስ ቆየ።

መካኒኩ የአጎቴን ቁጣ ሰማና ደብተሩን አወጣ። «ኢምባካሲ። አስፋልት። ቀላል ዕቃ» ብሎ አነበበ። በገጹ ላይ ሌላ የነበረው የቸርኬና የብሎን ልክ ነው። አጎቴ ዞሮ አየኝ።

«እኔ የምጠይቀው» አለ መካኒኩ፣ «ጭነት ሲኖር የሚሸከመው ባሌስትራ ስንት እንደሚወርድ ለማወቅ ነው። ባዶዋን ስለካት ጎማው ከብረቱ ጋር አይነካካም ነበር። የከተማዋን ስም ተይው እኅቴ፤ ድንጋይ ነው ወይስ አስፋልት? ያን ብቻ ንገሪኝ።»

ወንድሜ የሚሳፈርባት መኪና ነበረች። ጎማው በረሃ መሃል ቢፈነዳ በየኬላው መታወቂያ በሚጠየቅበት መንገድ ላይ ቆመው መቅረታቸው ነው።

«ድንጋይ ነው» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ። «ሞያሌ ድረስ። ሙሉ ጭነት።» ስለ ወንድሜ አልተናገርኩም።

የጻፈውን ሰረዘ። ያን ቀን የብረቱን ጠርዝ ቆርጦ ወደ ውጭ ቀጠቀጠው፤ ባሌስትራው ላይ ቅጠል የሚሉትን አንድ ተጨማሪ ዝርግ ብረት አስገባ፤ የተጎዳውን ጎማ በመጠባበቂያው ቀየረው። ለአጎቴም «መሪው እንደ ድሮው እስከ መጨረሻ አይዞርልህም፣ ሰፋ አድርገህ ዙር» አለው። እኔ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆምኩ። ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ በሩንም እጠብቅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዋ አቧራ ለብሳ ተመለሰች። አጎቴ ብሎኖቹን ለማስጠበቅ በቀጥታ ጋራዡ ቆሞ ስለነበር ሮጬ ሄድኩ። ወንድሜ ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ከፊት ወንበር ወረደ። ማቀፍ እየፈለግኩ እጁን ብቻ ጨበጥኩት።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር አንገቱን ብቅ አደረገ። «ማን ነው እንግዳው?»

«የጎረቤት ልጅ ነው» አልኩ።

እሱን አየ፣ እኔን አየ። «ጎረቤትሽ አፍንጫሽን ተውሷል» ብሎ ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ።

ደብተሩን አላወጣም። እኔ ግን እስክንወጣ ድረስ ደብተሩ ካለበት ኪሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።