የፆም ቢራ

ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን በፆም ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ ማንኪያው ወተት ነክቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በሁዳዴ እንጦጦ አስቀድሰን ስንመለስ፣ እዚሁ መሪ ሰፈር፣ ራሱ እየጠመቀ የሚሸጥ አዲስ ቢራ ቤት ጋበዝኳቸው። ቢራ መቼም ፆም አያስገድፍም። ጥቁሩን አዘዝን። አልኮሉ ከለመድነው ቢራ በእጥፍ ይበልጣል። አፍ ላይ ያረረ ገብስ ያረረ ገብስ ይላል፤ ሲወርድ ግን እንደ ማር ይለሰልሳል።

በሁለተኛው ብርጭቆ ጋሽ መኮንን ማዶ ክትፎ ያዘዘውን ወጣት ገሰጹ። በሦስተኛው ምሰሶውን አቅፈው ስለ ዘንድሮ ሰው ሃይማኖት ማጣት አለቀሱ።

እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ አስተናጋጇን፣ “ምን ጨምራችሁበት ነው እንዲህ የለሰለሰው?” አልኳት።

“ከወተት የሚወጣ ስኳር ነው” አለች።

የጋሽ መኮንን ስካር ባንዴ በረረ። ብርጭቆውን እንደ ጊንጥ ገፉት።

“ወተት? በሁዳዴ? ለንስሐ አባቴ በምን አፌ ነው የምነግራቸው?”

ልጅቷ ደነገጠች። “ይቅርታ አባቴ፤ ወተት የሌለበትም አለን። ግን እሱ ከዚህም ይብሳል፤ ሰው ይጥላል።”

ጋሽ መኮንን እፎይ ብለው ተቀመጡ።

“ይጣለኝ የኔ ልጅ፤ ብቻ የፆም ይሁን።”