እታገኘሁን ያስገደፍኩበት ምሳ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ በስልክ ሲያናዝዙኝ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሳህን ሾርባ። ግን ሚስቴን ጾሟን ያስገደፍኳት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያስገደፍኳት። እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ወረርሽኙ የምንኖርባትን ጆሃንስበርግን ከመዝጋቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ቬትናም ሄድን። እዚያው አጠገብ ጀርሚስተን ከተማ ላለችው ሱቃችን ቦርሳ የሚያቀርብ ሰው ልፈልግ ነበር፤ በዚያው በትዳር ዘመናችን አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ሽርሽር እንውጣ ብዬ እታገኘሁን ይዣት ሄድኩ። ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ መጾም ከተውኩ ቆይቻለሁ። እሷ ግን ደብረ ታቦር ያሉት እናቷ ኩላሊታቸውን ታመውባት፣ እንዲድኑላት ሁዳዴን በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ልትጾም ተስላ ነበር።

ሆይ አን በምትባል፣ መንገዶቿ በፋኖስ ባጌጡ አሮጌ ከተማ ሦስት ቀን ቆየን። እታገኘሁ በሁሉ ነገር ተደነቀች፤ የምትበላው ግን ሙዝና ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር። እኔም ብቻዬን መብላቱ ደስ ስላላለኝ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ተነጫነጭኩባት። በአራተኛው ቀን በብስክሌት ወደ ገጠር ወጣን። የሩዝ ማሳ አቋርጠን፣ አትክልት እያለሙ ለእንግዳ ምሳ የሚያዘጋጁ እናትና ልጅ ቤት ደረስን። እታገኘሁ አሮጊቷን ስታይ ጎንበስ ብላ “ሳውቦና፣ ማማ!” አለቻቸው። እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላትም፤ ባዕድ ሰው ስታይ አፏን የሚቀድማት ከደንበኞቿ የለቀመችው ዙሉ ነው። አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። እጇን ይዘው ወደ ጎመኑ መደብ ወሰዷት፤ የውሃ ማጠጫ አስያዟት፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው እያወሩ አብረው ሲያጠጡ አረፈዱ።

ምሳ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ይሙላ ብላ ሁላችንንም አስጠበቀችን። አሮጊቷ ቅር ሳይላቸው ሳህኑን ከድነው ተቀመጡ፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሾርባው ሲቀርብ ልጅቷ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣ “የተቀቀለው በአሳማ አጥንት ነው። ባለቤትህ ሥጋ የማትበላ ከሆነ ንገረኝ። እናቴም ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ሥጋ አትቀምስም፤ አሁኑኑ ሌላ ትሠራላታለች” አለችኝ።

አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? “ችግር የለም፣ ሁሉንም ትበላለች” አልኳት። ወደ እታገኘሁ ዞሬም፣ “የጎመን ነው፣ የጾም ነው፣ ብዪ” አልኳት።

አማትባ በላች። አስጨምራም በላች። “አየህ አይደል፣ በሰው አገር ጾሜን ያከበሩልኝን እናት!” ብላ የአሮጊቷን እጅ ሳመች። እኔም ቆሜ ፎቶ አነሳኋቸው።

ረሃቧ አሳዝኖኝ ነው ልል እችላለሁ። ለራሴም ብዙ ጊዜ እንዲህ ብያለሁ፤ ውሸት ነው። አላሳዘነችኝም፤ አናዳኝ ነበር። የእሷ መጾም እኔን የሚወቅሰኝ ይመስለኝ ነበርና አንድ ቀን እንኳ እንደ እኔ እንድትሆን ፈለግኩ። ይህን ፊት ለፊት ልነግራት ስላልደፈርኩ በማታውቀው ቋንቋ ተደብቄ አደረግኩት። እንዲህ ያለ ባል ምን ይባላል?

ተመለስን፤ ከተማው ተዘጋ። ፋሲካን ሜይፌር ሰፈር ባለችው ቤታችን በር ዘግተን አሳለፍነው። እናቷ ከፋሲካ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አውሮፕላን የለ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የለ፤ ቀብሩን በስልክ አየች። ከዚያ በኋላ የራሷን ጥፋት መፈለግ ያዘች። “ምን አጉድዬ ነው? የቱ ላይ ነው ስለቴ የተበላሸው?” እያለች የሁዳዴን ቀናት አንድ በአንድ ታስባለች። አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣ “አንተ አብረኸኝ ነበርክ። ስገድፍ አይተኸኛል? በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ” አለችኝ።

“አላየሁም” አልኳት።

ከሾርባው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እግዜር በአንድ ሳህን ሾርባ የሰው እናት ይወስዳል ብዬ አላምንም። እሷ ግን ታምናለች። ብነግራት እናቷን የገደልኩት እኔ እሆናለሁ፤ ባልነግራት የገደለቻቸው እሷ ትሆናለች። እኔ ለእኔ የሚቀለኝን መረጥኩ። ያላጠፋችውን ለመካስ፣ በተደነገጉት አጽዋማት ላይ የራሷን ጨምራ ስትጾም ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸግሯት ክር ጠምጥማበታለች።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን መለመን ቀላል ነው፤ አታውቁኝም፣ አብራችሁኝ አትኖሩም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ብትነፍገኝም አልፈርድባትም። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬም አልፎክርም፤ ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ ወጥ ቤት ናት። ረቡዕ ነው፤ ለራሷ ሽሮ፣ ለእኔ ሥጋ ለብቻ ትሠራለች፤ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ጾመኛ ስለሆነች የእኔን ወጥ አትቀምሰውም። በማንኪያ ጨልፋ ታመጣልኝና፣ “ቅመስልኝ እስቲ፣ ጨው በቃው?” ትለኛለች። የምላትንም ታምናለች። ይኸው፣ ማንኪያውን ይዛ እየመጣች ነው።