እርድ የተቀባው የዲፓቫሊ ደብዳቤ

የታንጋማሪ ትዕግሥት የተሟጠጠው ሦስተኛውን መቶ ደብዳቤ ስታገላብጥ ነው። ትንሿ ማተሚያዋ ወረቀቱን ሁለት ሁለት አድርጋ ትጎትታለች፤ ከላይ ያለው ስም ይታተምበታል፣ ከሥሩ ያለው ባዶውን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ተራው ሁሉ ተዛብቷል። «ለልጅዎ ሠርግ ስለገዙት ቀይ ሳሪ እናመሰግናለን» የሚለው ደብዳቤ ልጅ ቀርቶ ሚስት በሌለው አስተማሪ ፖስታ ውስጥ ሊገባ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ፣ አንቺ ጉደኛ!» አለቻት ማሽኗን።

ባሏ ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድሟ ራትናቬል ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል የሰጣት ለሙከራ ነው። ሐሳቡ የእሷ ነበር። የእሱ ትልቅ ኦፍሴት ማተሚያ ሥዕሉንና ቀለሙን በሺህ በሺህ በርካሽ ያትማል፣ የስሙን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ የእሷ ትንሽ ማሽን ደግሞ የየደንበኛውን ስምና የገዛውን ልብስ ትጨምርበታለች። ሁሉንም በትንሿ ማተም ዋጋው አይቀመስም፤ በትልቁ ደግሞ ለየሰዉ ስም መቀያየር የማይታሰብ ነው። የማዱራይ ከተማው ልብስ ቤት ለዲፓቫሊ በዓል ለደንበኞቹ የሚልከው አምስት ሺህ ደብዳቤ ነገ ቀትር ላይ ፖስታ ቤት ካልደረሰ ክፍሏ የወረቀት መጋዘን ትሆናለች። ወንድሟ ይህን ፊት ለፊት ነግሯታል።

ከክምሩ አንዱን አነሳች። አራቱም ማዕዘን ቢጫ ነው፤ ገና አልደረቀም። እርድ! የደስታ ደብዳቤ እርድ ይቀባል፣ እሱስ ደግ ነው። ግን ሥራው አልቆ ነው እንጂ ማሽን ሳይገባ ማን ይቀባል?

«አንና!» ብላ ወንድሟን ተጣራች።

ራትናቬል ሽርጡን እያጠበቀ መጣ። «ምን ያስጮህሻል?»

«ይህን እርድ ማን ነው የቀባው?»

«ሙቱክኒ ናት» አለ፤ ሚስቱን ነው። «ምን አለበት? ለበዓል የሚሄድ አይደል?»

«ወረቀቱ ተጣብቋል እኮ! ማሽኗን እርጥብ ነገር አይጠጋት ብዬ ስንቴ ልንገርዎት? ምን አስቸኮላችሁ?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አይ... አንቺ ሳትነኪው ቢቀባ ይሻላል ብላ ነው።»

መበለት ናታ! የመበለት እጅ የደስታን ነገር ያበላሻል ይባላላ!

«እጄ ገደ ቢስ ከሆነ፣ ይህን ትእዛዝ ያመጣው የማን እጅ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ሰው ነው የሚለው።»

«ሰውዬው እርስዎ ነዎት!»

ክምሩን ተሸክማ ወደ ትልቁ መቁረጫ ሄደች፤ ዳር ዳሩን በቀጭኑ ቆርጣ እርዱን አስወገደች፣ ወረቀቱን እያራገበች አላቀቀች፣ የተበላሹትንም እንደገና አተመች። በማግስቱ አምስቱም ሺህ ከቀትር በፊት ፖስታ ቤት ገባ።

ከበዓሉ በኋላ የልብስ ቤቱ ባለቤት ደወለ። ሱቁ በገበያተኛ ሞልቶ ነበርና ለፖንጋል በዓል ደግሞ ዐሥር ሺህ አዘዘ። ራትናቬል የክፍሏን ቁልፍ ይዞ እየሳቀ መጣ።

«አየሽ? የሙቱክኒ እርድ ሠራ!»

ታንጋማሪ ቆርጣ የጣለችውን ቢጫ ቁራጭ ጠርጎ ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

«ክፍሉ ያንቺ ነው» አላት። «ብቻ ከእንግዲህም እሷ ቀድማ ትቀባልሻለች።»

ቁልፉን ተቀበለችው። ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። ሙቱክኒ የእርድ ሳህኗን ይዛ «ኧረ ክፈቺ!» እያለች በሩን ስትደበድብ ታንጋማሪ የመጀመሪያውን መቶ ማተም ጀመረች።