ሒልካ በእጇ የሰጠችው ሳውና

ሒልካ ካርፒነን በቅናት የምትታማ ሴት አልነበረችም። በመንደራችን ሱቅ እኔ ሥጋና ዓሣ ስሸጥ እሷ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ፣ ባሏን ኦርቮን ሌላ ሴት ይዛው ስታወራ ብታይ ቀና ብላም አትመለከትም ነበር። "ውሰዱትና አናግሩት፤ ቃል ከወጣለት ለእኔም አምጡልኝ" ትለን ነበር። እውነቷን ነው፤ ኦርቮ ከአፉ ቃል የሚያወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው።

ኦርቮ የደን ሠራተኛ ነው። ቀን ጥድ ሲቆርጥ ይውልና አመሻሹ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን አስሮ በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ይጠፋል። በየመጋቢቱ በወረዳችን የሚደረገው ረጅም የስኪ ውድድር ላይ አርባ ካለፋቸው ሰዎች መካከል ፊት ፊት የሚገኝ እሱ ነው። ከልምምድ ሲመለስ ግን ጭኑና ባቱ እንደ ግንድ ይደርቅበታል። ያን እግር የሚያፍታታለት ሐኪምም ቅባትም አልነበረም፤ በእንፋሎት የሚታጠቡባት ሳውና ናት።

ሳውናዋንም የሠራት ራሱ ነበር። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ጥዱን ጠርቦ ሐይቁ ዳር አቆማት፤ ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ክረምት የኖሩት እዚያችው ውስጥ ነው። ምድጃው ላይ የሚደረደሩትን ድንጋዮች ከሐይቁ ዳር የለቀመችው ሒልካ ነበረች፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ነች፤ ጎንበስ ስትል ሆዷ እያስቸገራት።

ልጃቸው አድጋ ከተማ ከገባች በኋላ ግን ሒልካ ያ ሁሉ ሰለቻት። በበረዶ ውስጥ ቁልቁለቱን ወርዶ እንጨት ማንደድ፣ ከሐይቁ ውሃ መቅዳት፣ ጭሱን መታገስ። ወገቧንም ያማት ጀምሯል። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሰው ሁሉ ሳውናውን ወደ ቤቱ እያስገባ ነበር። እሷም ከመታጠቢያ ክፍሉ አጠገብ ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ሳውና አሠራች። ኦርቮን ስትጠይቀው "እንደፈለግሽ" አላት። ለሷ ይህ ፈቃድ ነበር።

አሮጌዋ ሳውና ከኩሽና መስኮቷ ሐይቁን ትጋርዳለች። አንድ ቀን ሌምፒ ቫይሳነን ለዳቦ ሱቅ መጥታ ሒልካ ፊት ቆመች። ሌምፒ ከሐይቁ ማዶ፣ ከሒልካ ቤት ትይዩ ነው የምትኖረው። ባሏ ለሥራ ስዊድን ሄዶ እዚያው ቀርቷል።

"ያቺን አሮጌ ሳውና ምን ልታደርጓት ነው?" አለቻት።

"ማገዶ ትሆንሽ እንደሆነ ውሰጃት፤ ዓይኔን ከምትጋርደኝ።"

እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሌምፒ ግን ማገዶ አላደረገቻትም። እሷና ወንድሟ በእያንዳንዱ ግንድ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ፈቷት፤ ሐይቁ በረዶ ሲሆን በትራክተር ጎትተው ማዶ ወሰዷት፤ ድንጋዩንም ሳይቀር። በጸደይ ሌምፒ ደጃፍ፣ ውሃው ዳር፣ እንደነበረችው ቆማ ታየች። ሒልካ ሳቀች። "ያንን የጭስ ሣጥን" አለች።

በቀጣዩ ክረምት ኦርቮ ነጩ ሳውና ውስጥ ተቀመጠ። ሒልካ "ተፍታታልህ?" ስትለው "አዎ" ይላል፤ ከዚያ እንቅልፍ ላይ ባቱን ቁርጠት ይይዘውና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያሽ ታገኘዋለች። አንድ ረቡዕ አመሻሹ ላይ ግን ፊቱ ቀልቶ፣ ፀጉሩ የበርች እንጨት ጭስ እየሸተተ ገባ። ድንች ሾርባውን ሁለቴ አስጨምሮ በላ።

"የት ነበርክ?"

"ሳውና።"

"ሳውናው ያለው እዚህ ነው፣ ኦርቮ።"

"ሌምፒ ጋ። በደጇ ሳልፍ አሙቃ ነበር።"

እንደ ሕፃን ተኛ። በሚቀጥለውም ረቡዕ ሄደ። በሚቀጥለውም።

በእኛ አገር ጎረቤት ጋ ቤተሰቡን ይዞ ሄዶ ሳውና መግባት ምንም አይደለም፤ ቡና እንደመጠጣት ነው። ነገር ግን ባለትዳር ሰው ብቻውን፣ በየሳምንቱ፣ ወንድ የሌላት ሴት ቤት ሲሄድ መንደሩ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። አንድ ቀን ሱቅ የመጣው ሽማግሌው ኡርሆ ቋሊማውን ሒልካ ፊት እያስቀመጠ፣

"ያንቺ ሳውና ቁልፉ ተበላሸ እንዴ? ኦርቮ ማዶ ድረስ ሲደክም አየሁት" አላት።

"አንተንም ሚስትህ ከአሳማው ጋር አንድ ላይ ታጥብሃለች ሲሉ ሰማሁ" አለችውና መልሱን ቆጥራ ሰጠችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገብታ የወተት ሣጥኖቹን አንዱን በሌላው ላይ ስትጥል ጠርሙሶቹ ይንጫጩ ነበር። ተከትያት ገባሁ።

"ስሟ ራሱ ፍቅር ማለት ነው" አለችኝ። "ሌምፒ። እናት እንዴት ለልጇ እንዲህ ያለ ስም ታወጣለች?"

ስቄ ዝም ላሰኛት ፈለግሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"ቢሰርቁኝ እጮህ ነበር። በእጄ ነው የሰጠሁት። ድንጋዩን እንኳ እኔ ነኝ የለቀምኩት። አሁን የእኔ ባል፣ በእኔ ድንጋይ፣ በሷ ደጃፍ ይሞቃል።"

ከዚያ ወዲያ ሒልካ ቀኑን ሁሉ እርር ድብን ስትል ትውላለች። ነጩን ሳውና ለማስወደድ ያላደረገችው የለም። አዲስ ድንጋይ ገዛች። በበጋ አስራ ያስቀመጠችውን ቫስታ፣ ማለት ገላ የሚመታበትን የበርች ቅርንጫፍ፣ ከማቀዝቀዣ አውጥታ በሙቅ ውሃ ነከረችለት። ውሃው ላይ ከጥድ የሚወጣ ቅጥራን ጠብ አድርጋ የጭስ ሽታ እንዲኖረው ሞከረች። ቢራውን አቀዝቅዛ፣ ቋሊማውን ጠብሳ፣ ተንበርክካ ባቱን አሸችለት።

"ከሌምፒው ይሻላል ወይስ አይሻልም?"

ኦርቮ ብዙ አሰበ። "ሌላ ነው" አለ።

ይህ "ሌላ ነው" አንጀቷን አሳረረው። የሌምፒው ይበልጣል ቢላት ትጣላዋለች፤ ያንሳል ቢላት ታርፋለች። ሌላ ነው ብሎ ነገር ግን የት ያስቀምጡታል? ይባስ ብሎ አሮጌዋ ሳውና ከተነሳች ወዲህ የኩሽናዋ መስኮት ተከፍቷል። ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ገብታ መብራት ሳታበራ እዚያ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ጭሱ መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ይነጣል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሲጠፋ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ስኪው ደጃፉ ላይ ይቆማል። ተመልሶ እስኪመጣ ምን እንደምታስብ ለእኔ እንኳ ሙሉውን አልነገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ "ፎጣ ማን ያቀብለዋል?" አለችኝ፤ ድንገት፣ ደንበኛ ፊት።

በየካቲት፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ "ራሴን አሞኛል" ብላኝ ከሥራ ወጣች። ራሷን እንዳላመማት አውቄያለሁ። በእግር የሚገፋውን መንሸራተቻ ይዛ በሐይቁ ላይ ቀጥታ ማዶ ተሻገረች። የሆነውን በማግሥቱ ሥጋ ስቆርጥ አጠገቤ ቆማ ነገረችኝ።

ሌምፒ እንጨት ታቅፋ ከጎተራው ስትወጣ ነው ያገኘቻት።

"ኦርቮ ገና አልመጣም" አለች ሌምፒ።

"ኦርቮን ፈልጌ አይደለም። ሳውና ልገባ ነው የመጣሁት።"

ሌምፒ ትንሽ አየቻት። "እንግዲያው ግቢ። ሁሌም እኔ ቀድሜ እገባለሁ፤ እሱ ከእኔ በኋላ ነው። ይህንን ልትጠይቂኝ እንደሆነ።"

ሳውናዋ እስክትሞቅ ጠብቀው ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ። ሒልካ የላይኛው መደብ ላይ ስትወጣ እጇ የግድግዳውን ጉብታ ሳትፈልገው አገኘችው፤ በመጀመሪያው ክረምት ራሷን የምታስደግፍበት የጥድ ጉጥ ነው። ጨለማው ያው፣ የእሳቱ ድምፅ ያው። እንባዋ መጣ። እንዳይታይባት ጭልፋውን አንስታ ድንጋዩ ላይ ውሃ ቸለሰች። እንፋሎቱ ጣሪያውን ዞሮ ጀርባቸው ላይ ወረደ።

"ደህና ነው" አለች ሌምፒ፤ ጭልፋውን ተቀብላ እሷም ቸለሰች።

ሒልካም ደገመች። ሌምፒም። ጆሯቸው ተቃጠለ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ፤ አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ማንኛቸውም ግን ከመደቡ አልወርድም አሉ። ውሃው ከባልዲው አልቆ ጭልፋው ቆርቆሮውን ሲፍቅ ነው ሌምፒ፣

"አብረን እንሞታለን ወይስ አብረን እንውጣ?" ያለችው።

አብረው ወጡ። በረንዳው ላይ ፎጣ ደርበው ተቀመጡ፤ ከትከሻቸው ላይ በብርዱ እንፋሎት ይነሳል። ሒልካ ጠየቀቻት፤ በቀጥታ።

"ምን አላችሁ አንቺና እሱ?"

"ምንም። ገብቶ ይታጠባል፤ ለነገ የሚሆን እንጨት ይፈልጥልኛል፤ ይሄዳል። ስለ እንጨቱ እናወራለን።" ሌምፒ የፎጣዋን ጠርዝ በጣቷ ጠቀለለች። "እውነቱን ከፈለግሽ ግን ረቡዕን እወዳለሁ። ስኪው በረዶውን ሲፍቅ እሰማለሁ፤ ሰው እየመጣ ነው እላለሁ። ባሌ ከሄደ ወዲህ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ኮቴ የለም። አንቺ በየቀኑ የምትሰሚው ስለሆነ አትሰሚውም። እኔ እቀናብሻለሁ፣ ሒልካ። ከድሮም እቀናብሽ ነበር።"

ሒልካ ለእኔ ስትነግረኝ እዚህ ላይ ቆም አለች። "ይሄኔ ይቀለኛል ብዬ ነበር" አለች። "ባሰብኝ። ብትዋሸኝ እጠላት ነበር። እሷ እኮ እርምጃውን ታዳምጣለች። እኔ አንድም ቀን አዳምጬው አላውቅም።"

ያኔ ኦርቮ በሐይቁ ላይ መጣ። ሁለቱን ሴቶች ፎጣ ለብሰው ጎን ለጎን ሲያያቸው የስኪ ዱላውን በረዶው ውስጥ ሰክቶ ቆመ፤ መሄድ ይሻለው እንደሆነ መግባት የማያውቅ ሰው መሰለ።

"ሞቋል፤ ግባ" አለችው ሒልካ። "እኔም ተመልሼ እገባለሁ።"

ሌምፒ ተነስታ ወደ ኩሽናዋ ሄደች። ሒልካ ይህንንም አልደበቀችኝም፤ ሌምፒ በመስኮት እንደምታይ አውቃ የኦርቮን ፎጣ ራሷ ተቀብላ፣ በሩን ቀስ አድርጋ፣ ሳትቸኩል ዘጋችው።

መደቡ ላይ ባሏ እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ባቱን ያዘችው፤ ሥጋው ከአጥንቱ ላይ ሲላላ በእጇ ተሰማት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"በነጩ ደስ ብሎሽ ነበር።"

"ሌላ ነው ማለት ምንድን ነው?"

ኦርቮ ድንጋዩን አየ። "እዚያኛው ሰውነቴን ያሞቀዋል። ቁልፉ ሲጠፋ ግን ተነሥ የተባልኩ ይመስለኛል። እዚህ እንጨቱን እኔ እጨምርበታለሁ፤ እሳቱን እጠብቀዋለሁ፤ እሱም ይጠብቀኛል። ጭንቅላቴ መጀመሪያ ይፈታል፤ ከዚያ እግሬ።" አክሎም "የምመጣው ለሌምፒ አይደለም። ለሌምፒ ቢሆን ኖሮ ጭሱን በመስኮትሽ እያየሽ እንድትኖሪ አላደርግሽም ነበር" አለ።

በሃያ ዓመት ትዳር ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ደስ አላት፤ ወዲያውም ቃሉ የወጣው በሌምፒ ደጃፍ በመሆኑ ተናደደች።

እስከ መጋቢቱ ውድድር ድረስ ረቡዕ ረቡዕ ሁለቱም አብረው ተሻገሩ። "ልትከለክይው ትችያለሽ" ብላት "ብከለክለው እግሩ ይደርቃል፤ ብቻውን ብልከው እኔ እደርቃለሁ" አለችኝ። ኦርቮ በውድድሩ ከዕድሜ እኩዮቹ ሦስተኛ ወጣ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አዲስ ጥድ መጥረብ ጀመረ። ሒልካ ነፋስ እንዳይገባ በግንዱ መካከል የሚጠቀጠቀውን ሽበት፣ እርጥበት ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ ተክል፣ ከረግረጉ እየለቀመች አመጣች፤ ወገቧን እያማረረች። አዲሲቷ ሳውና የቆመችው በድሮዋ ቦታ ላይ ነው፤ ሐይቁን ከኩሽናው መስኮት ዳግመኛ ጋረደችው። ነጩ ሳውና የተልባ እግር አንሶላና የሥራ ካልሲ ማድረቂያ ሆነ።

ሌምፒ በዚያ መኸር ለዳቦ መጣች። ከስታለች። ሒልካ ዋጋውን ከመታች በኋላ እጇን ማሽኑ ላይ እንዳደረገች፣

"ቅዳሜ እኛ ጋ ነይ" አለቻት።

"ለምን?"

"ሳውና ለመግባት። ሴቶች ቀድመን እንገባለን። ኦርቮ ኋላ ብቻውን ይገባል።"

ሌምፒ ዳቦውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እመጣለሁ" አለች።

ስትወጣ እኔ ቢላዬን አስቀምጬ፣ "ምን ነካሽ? ሳውናሽን ከቤትሽ አውጥተሽ ሰጠሻት፤ አሁን ደግሞ ቤትሽ ታስገቢያታለሽ?" አልኳት።

"ማዶ ስትሆን ምን እንደምታስብ አላውቅም" አለች ሒልካ። "አጠገቤ መደብ ላይ ስትቀመጥ ቢያንስ ላቧን አያለሁ።"

ሌምፒ እስከዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንዳንዴ እኔም እሄዳለሁ። ከሳውና በኋላ ኩሽና ውስጥ ቡና ስንጠጣ ኦርቮ ከውጭ ይገባል፤ ሦስታችንንም ደህና ዋላችሁ ይለናል። ኦርቮ በሩ ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ሌምፒ ቀና ትላለች። ሒልካም ቀና ትላለች፤ እሱን ግን አታይም፤ ሌምፒን ነው የምታየው።