ተራ አስከባሪው ሲሳፈር

አባቴ ገለታ በአምቦ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። የጌዶውን ከጊንጪው፣ የሸነኑን ከአዲስ አበባው እየለየ መኪና ያስሞላል። እግሩ አንድ ቦታ አያርፍም። ቤት ሲገባም ያው ነው። ምሳ ቀርቦለት ሁለቴ ጎርሶ ይነሳል፣ በመስኮት ያያል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። እናቴ «ይህ ሰው እሾህ ላይ ነው ወይ የሚቀመጠው?» ትላለች። እኔ ልጁ መቲ ከእሱ ጋር አንድ ፊልም ጀምሬ እንኳ ጨርሼ አላውቅም።

ሥራው ላይ ግን ማየቱ ደስ ይላል። ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ «ጌዶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» ይላል። ተሳፋሪው ሮጦ ይገባና ዘወር ሲል ከኋላው ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። «ኦቦ ገለታ፣ አንድ ሰው አላሉም እንዴ?» ሲለው፣ «አዎ፣ አንተን ነው» ይለዋል። ይህን ውሸት አይለውም። «መኪና የሚሄደው ሲሞላ ነው፤ ሰው የሚመጣው ደግሞ ሞላ ሲባል ነው» ባይ ነው።

እናቴን ግን ይህ ነገር አስቋት አያውቅም። እናቴ ወርቅቱ በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ስትሠራ ኖራለች። የትም ስትሄድ ጋቢና ያስቀምጣታል። ሰው ሲመጣ ደግሞ «አንቺ ቤተሰብ ነሽ፤ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» ብሎ ያስወርዳታል። በዚህ የተነሳ የእህቷ ሰርግ ላይ ሸነን የደረሰችው ሙሽራዋ ከወጣች በኋላ ነው። አብረን እንሄዳለን ያላትን ቦታማ ትታዋለች። ከአፍንጫችን ሥር ያለውን የደንዲን ሐይቅ እንኳ አብረው አላዩም። ሁልጊዜ የሚሞላ መኪና አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ስትወጣ ለሁለቱም ወደ አርባ ምንጭ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩላቸው። እንዲዝናኑ። ለምን በአውሮፕላን? በመኪና ከሆነ በየከተማው እየወረደ ሰው ሊጭን ነው፤ ከአየር ላይ የት ይወርዳል ብዬ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከምኖርበት ከአዲስ አበባ ደውዬ ለእናቴ ስነግራት «ከጎኔ ተቀምጦ? መንገዱን ሁሉ?» አለችኝ።

«አዎ አዮ፣ ቀበቶ ታስሮ።»

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት ስለማላውቅ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ይህ ጉዞ እንዲበላሽባት ፈጽሞ አልፈለግሁም። ስለዚህ በየማታው እየደወልኩ ምክር አበዛሁ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ ይሁን። ቅቤውን በእጅ ሻንጣ እንዳትይዢው፣ ይፈስሳል ብለው ያስቀሩብሻል፤ ከጭኮው ጋር በሚጫነው ውስጥ ክተቺው። የግፊት መድኃኒትሽ ግን ከእጅሽ አይለይ። አባ፣ ሰንጢህን ከኪስህ አውጣ። ሲነሳ ጆሮ ስለሚደፍን ማስቲካ አኝኩ። የአምቦ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም፤ በዋዜማው መጥታችሁ እኔ ቤት እደሩ። እናቴ አንድ በአንድ ደገመችልኝ። አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«ሰባ ምናምን።»

«ይህን ሁሉ ማን ያስሞላዋል?» አለ። እኔ ደግሞ ቀልዱን መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

ማለዳ ቦሌ አድርሻቸው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው።

ፍተሻው ላይ አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ከፊቱ ያለውን ሰውዬ «ሳንቲምህን ቀድመህ አውጣ፣ ሰልፉን አታስቁም» ሲል ነበር አሉ። መጠበቂያው አዳራሽ ሲገቡ እናቴ ተቀመጠች። እሱ ዞረ። ሰሌዳውን አየ፣ ሽንት ቤት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ውሃ ገዝቶ ሳይከፍተው ሰጣት፣ ደግሞ ሄደ። በዚህ መሃል የጅማ ተጓዦች የሚወጡበት በር ተቀይሮባቸው ሲራወጡ አያቸው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ነውና እጁን ዘርግቶ «ጅማ በዚህ! ኮታ፣ በዚህ ኑ፣ ሕፃን የያዛችሁ ቅደሙ» ማለት ጀመረ። ሰዉም የአየር መንገዱ ሠራተኛ መስሎት ታዘዘለት።

የአርባ ምንጭ በር ሲከፈት እናቴ ሄዳ እጅጌውን ያዘችው።

«አባ መቲ፣ ጠሩን።»

«ግቢ፣ መጣሁ። ወንበር ያዥልኝ።»

«ወንበሩ እኮ በቁጥር ነው።»

«ቢሆንም። ነጠላሽን ጣል አድርጊበት።»

ገባች። ብዙም ሳይቆይ በድምፅ ማጉያው ለአርባ ምንጭ ተጓዦች የመጨረሻ ጥሪ ተባለ። አባቴ ሰምቷል። አልሰማሁም ብሎ አይዋሽም። ሰምቶ ፈገግ አለ። አዳራሹ ውስጥ ገና ስንት ሰው ተቀምጧል፤ ይህ ሁሉ ወዴት ሊሄድ ነው? ሌላ ቦታ የሚሄድ መሆኑን አላሰበውም። ቀጥሎ በስሙ ጠሩት። «በስም መጥራትማ እኔም እጠራለሁ» አለው ከጎኑ ለቆመው ሰው። «የመጨረሻ የሚሉት ግማሹ ባዶ ሲሆን ነው። ሥራው ነው፤ አትቸኩል።» ዕድሜውን ሙሉ የጠራውን ጥሪ ሌላ ሰው ሲጠራው እንዴት አድርጎ ይመን?

የጅማዎቹን አሰልፎ ጨርሶ ሲመጣ በሩ ተዘግቷል።

«መቲ፣ መኪናው ሄደብኝ» አለኝ በስልክ።

«የምን መኪና?»

«አውሮፕላኑ። ሳይሞላ ሄደ። የእኔ ወንበር ባዶ ነው እኮ፣ እንዴት ይሄዳል?»

ስደርስ ከሕንፃው ውጭ ወዲያ ወዲህ ይላል። እውነቱን ለመናገር ልጮህበት ነበር የመጣሁት። ፊቱን ሳየው አቃተኝ። «ብቻዋን እኮ ናት። ጆሮዋን ቢደፍናትስ? ማስቲካው እኔ ኪስ ነው ያለው» ይላል። ይደውላል፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይደውላል። ተቀመጥ ብለው አልሰማኝም። በመጨረሻ «እንደወረደች በሚቀጥለው ትመለስ። አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ። ይህን ጊዜ በጣም ተናደድኩበት።

ፀሐይዋ ስትከር እናቴ ራሷ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ወርቅቱ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ደርሻለሁ። ከላይ ሆኜ ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን አየሁ።»

«ታዲያ እንዲጠብቁኝ አትነግሪያቸውም ነበር?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ትንሽ ጠበቁህ፤ ኋላ አስተናጋጇ መጣችና ‹እናቴ፣ ባለቤትዎ አልመጡም፤ በሩ ሊዘጋ ነው። ይወርዳሉ ወይስ ይሄዳሉ?› አለችኝ።»

አባቴ መንጎራደዱን አቆመ።

«እሄዳለሁ አልኳት» አለች። «ከዚያ ነጠላዬን ከወንበርህ ላይ አነሳሁ።»

ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ የዕረፍት ድምፅ ነው።

«አልፈራሽም?» አላት።

«ፈርቻለሁ። ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ነገም በረራ አለ አሉኝ። ከመጣህ ደስ ይለኛል፤ እቀበልሃለሁ። ግን ገለታ፣ ከእንግዲህ ላንተ ብዬ ከተሳፈርኩበት አልወርድም።»

አባ መቲ ሳትል በስሙ ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።