መብትሽ ነው

እናቴ «መብትሽ ነው» ካለች ነገሩ አበቃ። ቁጣ ቢሆን ይሻላል፤ ቁጣዋ ይበርዳል። ተሳድባም ቢሆን ሲወጣላት ምሳ በላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። «መብትሽ ነው» ግን በር ከውስጥ ቆልፎ እንደ መተኛት ነው፤ ብታንኳኳ ማንም አይከፍትልህም። እኔ እስክንድር፣ ዲላ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ እየሸጥኩ በሰላም የምኖር ሰው፣ በዚች ቃል የተነሳ በሁለት ሴቶች መሀል ስመላለስ ዓመቱ አለቀብኝ። ስለ እህቴ ጻፍ ስትሉኝ ስለ እናቴም መጻፌ አይቀርም፤ አንዷን ከሌላዋ መለየት አቅቶኛል።

እህቴ ሮማነወርቅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች፤ ሙያዋ ሰብአዊ መብት ነው። ሙያዋ ከመሆኑ በፊትም አመሏ ነበር። ቀበሌ ወረፋ ላይ ሰው ቀድሟት ከገባ አዋጅ ትጠቅሳለች፣ ባጃጅ ላይ አራተኛ ሰው ከተጫነ ወርዳ ትከራከራለች። እኔ ከእሷ ጋር ገበያ መውጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ። እናታችን አልጋነሽ ደግሞ ከጎጃም በመምህርነት ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ዲላ አጠገብ ጪጩ ላይ አማርኛ ስታስተምር ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የዲላ ሹፌር ግማሹ ተማሪዋ ስለነበር ታፔላቸው ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች ዛሬም አስቁማ ታርማለች።

ነገሩ የተበላሸው ሮማነወርቅ ለማስተርሷ አንድ ዓመት ኖርዌይ ሄዳ በእንግዳ ተማሪነት እንድትማር የተመረጠች ጊዜ ነው። ለእናቴ አልነገረቻትም። ቪዛው ቢከለከል ለምን በከንቱ ላስጨንቃት ብላ ነው። ንገሪያት ብዬ ወተወትኳት፤ እሺ እያለች ከረመች። ቪዛው በመጣ በማግስቱ ጎረቤታችን መሰለች፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጸሐፊ የሆነችው፣ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት የምታምታታው የጪጩዋ ሴት፣ ደስታውን ልትካፈል በራችን ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለህ። ልጅህ ውጭ ሊሄድ ነው አሉኝ።»

እናቴ በልማዷ «ደስ አለሽ፣ ልጅሽ ልትሄድ» ብላ አረመቻት። ነገሩ የገባት ካረመች በኋላ ነው።

ማታ ሮማነወርቅ ስትገባ ስለ ቪዛው፣ ስለ ነፃ ትምህርቱ፣ ለምን እንደደበቀች ብዙ አስረዳች። እናቴ መነጽሯን እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻትና «መብትሽ ነው» አለች። መብት አስተማሪዋ እህቴ በዚያች ቃል እንደዚያ ስትደቆስ ማየት ቢያስቅ ያስቅ ነበር፤ እኔን ግን ያሳቀኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የምትሄድ ዕለት ምርቃት ልትቀበል እናቴ ፊት ተንበረከከች። በእኛ ቤት ሳይመረቅ ሐዋሳ እንኳ የሚሄድ የለም፤ እኔ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ስሄድ ምርቃቱ እስኪያልቅ መኪና ያመልጠኛል። እናቴ ትከሻዋን ነካ አደረገችና «በይ ተነሺ፣ እንዳታረፍጂ» አለቻት። በቃ። ሮማነወርቅ መኪናው ጩኮ ከተማ እስኪደርስ አለቀሰች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሁለቱንም በልቤ ስረግም ሄድኩ።

ከዚያ የስልኩ መከራ መጣ። ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ሁለቱ የተገናኙ ለታ ደግሞ እናቴና እህቴ አይነጋገሩም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «በልታ እንደሆነ ጠይቃት» ትላለች። ሮማነወርቅ ሰምታዋለች፤ ግን እሷም «በልቻለሁ በላት» ትለኛለች። ሁለት የተማሩ ሴቶች። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት በመሀል ቆሜ የተሰማውን መልሼ አሰማለሁ።

አንድ ቀን እህቴ ስለ መስኮቱ ነገረችን። አብራት አንድ ክፍል የምትኖር ልጅ አለች፣ የዚያው አገር ሰው። በረዶው መሬቱን ሸፍኖት ሳለ ልጅቱ መስኮቱን ልክፈተው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሮማነወርቅ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ እያየቻት መጠየቋ ራሱ ያበሽቃታል። ፊቷን አዙራ፣ የእናታችንን ድምፅ አውጥታ፣ በእንግሊዝኛ መብትሽ ነው ትላታለች። ልጅቱም ከልቧ አመስግና ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ስላገኘች በየቀኑ ትከፍተዋለች።

«እስክንድር፣ እዚህ አገር መኮረፍ አይቻልም» አለችኝ። «ብታኮርፍ የሚያውቅልህ የለም። መብትሽ ነው ስትላቸው መብታቸው ይመስላቸዋል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አትዝጊውም ወይ ብላት አንዴ መብትሽ ነው ብያታለሁ፣ አሁን በምን አፌ አለችኝ። እናቴን አየኋት፤ ዓይኗን ከሹራቧ ላይ ሳታነሳ «እንዲበርዳት ከፈለገች መብቷ ነው በላት» አለች። ስልኩን ወርውሬ ሱቄ ሄድኩ።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ያለው ጭቃ አንሸራቶ ጣላት። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐዋሳ ወስደናት ለቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠላት፤ ያንን ሁሉ መንገድ ሕመሟን ውጣ እኔን የምታስምለኝ ለሮማነወርቅ እንዳልናገር ነበር። ማልኩላት። ግን እህቴ ሞኝ አይደለችም። በስልክ «በልታ እንደሆነ ጠይቃት» የሚል ድምፅ ሲጠፋባት እማዬ የት ናት ብላ አፋጠጠችኝ፤ ነገርኳት።

ፈተናዋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጥላ ከመጣች ዓመቱ ይሰረዛል፣ ነፃ ትምህርቱም ተመልሶ አይገኝም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ትኬት ልትቆርጥ ነው። ሳትመርቀኝ ብትሞትስ ብላ አለቀሰች። ምን ልበላት? አትምጪ ብዬ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ነኝ የምጠየቀው፤ ነይ ብዬ ትምህርቱ ቢቀር አሁንም እኔ ነኝ። ሰለቸኝ። እውነቴን ነው፣ የሁለቱም ኩርፊያ ሰለቸኝ።

ቀዶ ጥገናው የሚደረግ ዕለት ጠዋት እህቴ ደወለች። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፅዋን ለየችው። የማለልኝን አፈረሰ ብላ ልትቆጣኝ ስትል ቀድሜ፣ ሁሉን ጥላ ልትመጣ ነው አልኳት። መልሷን አስቀድሜ አውቀዋለሁ ብዬ ላስተላልፍ ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

«ስልኩን ስጠኝ» አለች።

ሰጠኋት። ከሄደች ጀምሮ እናቴ ስልኩን በእጇ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ገልብጣ ያዘችው፤ አስተካከልኩላት።

«ሮማን፣ ትመጫለሽ አሉኝ።»

እህቴ አዎ እማዬ፣ ወስኛለሁ አለች።

«መብትሽ አይደለም» አለች እናቴ። «ሰማሽኝ? መብትሽ አይደለም። ጨርሰሽ ትመጫለሽ። እኔ አልሞትም፤ ብሞትም መርቄሽ ነው። እመብርሃን ትከተልሽ፣ ከክፉ ትሰውርሽ፣ የያዝሽውን ታስጨርስሽ፣ በሰላም ወደ ቤትሽ ታግባሽ።»

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ የዓመቱ ውዝፍ ነው የወጣው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሲያልቅ ከወዲያ ድምፅ ጠፋ፤ እናቴ ኔትወርኩ ሄደ እንዴ ብላ አየችኝ። አልሄደም፤ ስታለቅስ ይሰማኛል አልኳት።

እናቴ ስልኩን ወደ አፏ መልሳ አስጠጋችው።

«ደግሞ ያንን መስኮት ዝጊው» አለች። «ብርድ ይመታሻል።»